የሕንፃ ዕቃና የማንነቱ መዝገብ

ማናቸውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ አንድ ዕቃ ዋጋ የሚያገኘው በጥራቱ ብቻ ሳይሆን ጥራቱ በሚታወቅበት ማስረጃ ጭምር ነው። ሁለት ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦ በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ፣ በአንዱ ላይ የፋብሪካው ምልክት፣ ውፍረቱና ርዝመቱ ተጽፎበት፣ የሁለተኛው ጽሑፍ ግን ተልጦና ፋክቱሩም ጠፍቶ ቢገኝ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ቢሆኑ እንኳ ገዢው እኩል ዋጋ አይሰጥባቸውም። ለሁለተኛው ጥቅል የጎደለው መዳብ አይደለም፤ የጎደለው መታወቂያው ነው።

ይህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ነገር በሕንፃ ላይ ሲሆን እጅግ ይሰፋል። ሕንፃ ማለት በብዙ ገንዘብ የተገዛ፣ ግማሹም በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የመጣ የብረት፣ የአልሙኒየም፣ የመስተዋት፣ የእንጨትና የሸክላ ክምችት ነው። ነገር ግን ሕንፃው በሚፈርስበት ቀን ይህ ሁሉ ዕቃ ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እንደሚሸከም የሚያስረዳ ወረቀት ስለማይገኝ፣ አብዛኛው በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይጣላል። ዕቃውን ከመጣል አድኖ ወደ ሥራ የሚመልሰው አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች ሰርኩላር ወይም የዑደት አሠራር ይባላል፤ የዕቃውንም መታወቂያ በኮምፒውተርና በስልክ መያዝ ዲጂታል አሠራር ይባላል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሁለቱ አሠራሮች ተለያይተው የማይቆሙ መሆናቸውንና ለሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የሚሰጡትን ጥቅም ማስረዳት ነው።

1ኛ. ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም

የቀድሞውን የጭቃ ቤት አሠራር የተመለከተ ሰው የዑደትን ሥራ ከአውሮጳ መማር እንደማያስፈልገው ይረዳል። ቤቱ ሲፈርስ ቆርቆሮው አንድ በአንድ ይነሣል፤ ምስማሩ ተነቅሎ በመዶሻ ይቃናል፤ በርና መስኮቱ ከነማጠፊያው ይሸጣል፤ ወራጁና ማገሩ ደኅና የሆነው ለሌላ ቤት፣ የበሰበሰው ለማገዶ ይውላል፤ ጭቃውም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። በየሰፈሩ የሚዞረው ቆራሌ ከየቤቱ የሚሰበስበው አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ፣ በአዲስ አበባ መርካቶ በምናለሽ ተራ በእጅ ሥራ ዐዋቂዎች መዶሻ ሥር ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ የበለጠ የዑደት ትምህርት ቤት በቀላሉ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ይህ የቆየ ንግድ ያለ መዝገብ ሊካሄድ የቻለበት ምክንያት ሊስተዋል ይገባል። ገዢው ቆርቆሮውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ቀዳዳውን ያያል፤ እንጨቱን በድንጋይ መትቶ ከድምፁ ምስጥ የበላው መሆን አለመሆኑን ይለያል። ዕቃው ራሱ ስለ ራሱ ይናገር ስለ ነበረ ዓይንና እጅ ይበቁ ነበር።

2ኛ. ዓይን የማይበቃበት ዕቃ

በአርማታ፣ በብየዳና በማጣበቂያ የሚሠራው የዛሬ ሕንፃ ግን እንደዚህ አይደለም። አንድ የአርማታ ዓምድ በውስጡ ስንት ፌሮ እንዳለው፣ የፌሮው ውፍረት 12 ይሁን 16 ሚሊሜትር፣ ሲሚንቶውም በምን መጠን እንደ ተደባለቀ ከውጭ አይታይም። አንድ የብረት ተሸካሚ ስንት ኩንታል እንደሚችል በዓይን መገመት ለሕይወት የሚያሰጋ ድፍረት ነው። ስለዚህ ማስረጃ የሌለው ዕቃ ጤነኛ ቢሆን እንኳ በአሮጌ ብረት ስም በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ወይም ይጣላል።

የብክነቱ መጠን ቀላል አይደለም። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች ከሚጣለው ቆሻሻ ሁሉ ከሢሶው በላይ የሚሆነው ከግንባታና ከማፍረስ ሥራ የሚወጣ ነው። አዲስ ዕቃ መሥራትም ብዙ ኃይል ይፈጃል። የሲሚንቶው ዋና ክፍል የሆነው ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ነው፤ በዓለም ላይ ወደ አየር ከሚለቀቀው የካርቦን ጋዝም ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ሥራ ይወጣል። በአንጻሩ ደግሞ አሮጌ አልሙኒየምን አቅልጦ እንደገና መሥራት ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ይወስዳል። ሳይቀልጥ እንዳለ የሚሸጥ የመስኮት ክፈፍ ደግሞ ይህን 5 በመቶ እንኳ አይጠይቅም።

ዕቃው ተመልሶ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በሚፈርስበት ቀን ሳይሆን በሚገነባበት ቀን መሆኑን የዴንማርክ ጡብ ያስረዳል። የቀድሞ ግምበኞች ጡብን በኖራ ይገነቡ ስለ ነበር፣ ኖራው በቀላሉ ተራግፎ ጡቡ ለሌላ ሕንፃ ይሸጣል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ የተገነባው ግን በጠንካራ ሲሚንቶ ስለ ተያያዘ፣ ሊለያዩት ሲሞክሩ ጡቡ ራሱ ይሰበራል። በዚህም ምክንያት በ2019 በኮፐንሃገን ከተማ ሪሶርስ ሮውስ የሚባሉ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ፣ ከአሮጌ ሕንፃዎች ግድግዳው እንዳለ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየተቆረጠ ለአዲሱ ቤት ፊት ውሏል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ግምበኛው አስቀድሞ ኖራ ቢጠቀም ኖሮ መጋዝ ባላስፈለገም ነበር።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት፣ የአንድ ሕንፃ ዕቃ ሁሉ እኩል ዕድሜ የሌለው መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ስቱዋርት ብራንድ የእንግሊዛዊውን አርኪቴክት የፍራንክ ደፊን ሐሳብ አስፋፍቶ በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የሕንፃው ዋና አካል ከ30 እስከ 300 ዓመት ይቆማል፤ የውጭ ሽፋኑ በ20 ዓመት ገደማ ይለወጣል፤ የውሃ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የመሳሰለው ከ7 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ የንግድ ቤት የውስጥ ክፍልፋይ ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። እንግዲህ በ10 ዓመት የሚለወጠው ቧንቧ 100 ዓመት በሚቆም አርማታ ውስጥ ከተቀበረ፣ አጭሩን ለመለወጥ ሲባል ረጅሙ ይሰበራል ማለት ነው።

3ኛ. የሆላንድ ምሳሌ

በዚህ ጉዳይ ቀድመው ከተራመዱት አገሮች አንዷ ሆላንድ ናት። መንግሥቷ በ2016 ባወጣው ዕቅድ በ2030 የአዲስ ጥሬ ዕቃን ፍጆታ በግማሽ ለመቀነስ፣ በ2050 ደግሞ ኤኮኖሚውን በሙሉ በዑደት አሠራር ለማካሄድ ዓላማ አድርጓል። በ2017 በዚያው አገር ማዳስተር የሚባል የሕንፃ ዕቃዎች መዝገብ ተቋቋመ። ሐሳቡ መሬት ሁሉ በካዳስተር ተመዝግቦ ባለቤቱና ወሰኑ እንደሚታወቅ፣ በሕንፃ ውስጥ ያለው ዕቃም እንዲሁ ተመዝግቦ ይታወቅ የሚል ነው። የሐሳቡ አመንጪ አርኪቴክት ቶማስ ራው፣ ቆሻሻ የሚባለው ነገር ማንነቱ የጠፋበት ዕቃ እንጂ ሌላ አይደለም እያለ ያስተምራል።

ይኸው አርኪቴክት የሠራው የትሪዮዶስ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ2019 ድሪበርገን በምትባል ከተማ ተመርቋል። ሕንፃው በአብዛኛው እንጨት ሲሆን፣ የተያያዘው በማጣበቂያ ሳይሆን በብሎን ነው፤ የብሎኖቹም ቁጥር 165,312 መሆኑ ተመዝግቧል። አንድ ባንክ የብሎኑን ቁጥር እስኪያውቅ ድረስ መጨነቁ ለአንዳንድ ሰው ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ባንክ የገንዘቡን ሳንቲም የሚቆጥረው ስለሚያስገርም አይደለም፤ ያልተቆጠረ ገንዘብ እንደሚጠፋ ስለሚያውቅ ነው።

4ኛ. መዝገቡ ሊይዝ የሚገባው

በታላላቅ ሥራዎች መሐንዲሶች ሕንፃውን አስቀድመው በኮምፒውተር ይገነቡታል፤ ይህም ቢም በሚል አጭር ስም ይታወቃል። በዚህ አሠራር አንድ በር በሥዕሉ ላይ መስመር ብቻ አይደለም፤ ስፋቱ፣ የተሠራበት ዕቃ፣ አቅራቢውና የተገጠመበት ቀን አብሮት ተጽፏል። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ሕንፃዎች በዚህ አሠራር እንዲካሄዱ አድርጋለች።

የችርቻሮ ነጋዴ ግን ይህን ለመጀመር ታላቅ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። አንድ ደብተርና ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ይበቁታል። ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የሚጻፉት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የዕቃው ስምና ዓይነት፤ ለምሳሌ ቆርቆሮ ከሆነ ጌጁ፣ ፌሮ ከሆነ ውፍረቱ።
ለ) ልኩና ብዛቱ።
ሐ) የሠራው ፋብሪካ፣ የመጣበት አገርና ፋክቱሩ ወይም ደረሰኙ።
መ) የተገጠመበት ዓመትና የተያያዘበት መንገድ፤ በብሎን፣ በምስማር፣ በብየዳ ወይም በሲሚንቶ።
ሠ) ጉዳቱ፤ ዝገት፣ ስንጥቅ፣ ቀዳዳ።
ረ) ለምን ሥራ እንደሚሆንና ለምን ሥራ እንደማይሆን።

ከስድስቱ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው። ነገር ግን የገዢውን እምነት የሚያተርፈው ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነው።

5ኛ. መዝገቡ ከማፍረሱ ሥራ ይቅደም

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰው ትልቁ ጠላቱ ዝገት አይደለም፤ መጋዘን ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ስሌት እንመልከት፤ ዋጋው ለትምህርት ብቻ የታሰበ ነው።

አንድ ነጋዴ 200 ቆርቆሮ ያለውን የሚፈርስ መጋዘን ገዛ እንበል። ቆርቆሮውን ሁሉ ሳይለይ በአሮጌ ብረት ዋጋ አንዱን በ150 ብር ቢሸጠው 30,000 ብር ያገኛል፤ ለማፍረሻ 5,000 ብር ቢከፍል 25,000 ብር ይቀረዋል። ቆርቆሮውን በጥንቃቄ አስነሥቶ ቢለየውና ቢመዘግበው ግን፣ 120ው ጤነኛ ሆኖ በ450 ብር 54,000፣ 50ው ለአጥር የሚሆን ሆኖ በ250 ብር 12,500፣ የቀረው 30 ደግሞ በ150 ብር 4,500፣ በድምሩ 71,000 ብር ያወጣል። ለማስነሣትና ለመለየት 18,000፣ ለአንድ ወር መጋዘን 6,000 ብር ቢከፍል 47,000 ብር ይቀረዋል። ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ 22,000 ብር ብልጫ አለው።

ዕቃው ገዢ አጥቶ ቢሰነብትስ? የመጋዘኑ ኪራይ በየወሩ 6,000 ብር ይበላል። በ4ኛው ወር የሚቀረው 29,000 ብር ነው፤ በ5ኛው ወር 23,000 ብር ብቻ ሆኖ፣ ሳይለይ በኪሎ ከሸጠው ሰው በታች ይወድቃል። ድካሙና ጥንቃቄው ሁሉ ለመጋዘን ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ዋናው የንግድ ጥበብ ዕቃው ገዢን እንዲጠብቅ ሳይሆን ገዢው ዕቃውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ይህም የሚሆነው ቤቱ ገና ቆሞ ሳለ ውስጡ ተዞሮ፣ ዕቃው ተቆጥሮና ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ዝርዝሩ በስልክ ለሥራ ተቋራጮችና ለባለ ሱቆች የተላከ እንደ ሆነ ነው። በአውሮጳ ይህ ሥራ ከማፍረስ በፊት የሚደረግ ምርመራ ተብሎ ሙያ ሆኗል። ዲጂታል የሚባለው ነገር ለዑደት ንግድ የሚሰጠው እውነተኛ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ብረቱን አያጠነክረውም፤ ነገር ግን በብረቱና በገዢው መካከል ያለውን ጊዜ ያሳጥራል።

ይህ ጉዳይ በተለይ በአዲስ አበባ የሚዘነጋ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ቤት በጥድፊያ በሚፈርስበት ጊዜ ዕቃው የሚድነው አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ያለው እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ማፍረሻው መኪና ከደረሰ በኋላ የሚቆጠር ነገር አይኖርም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አዲሱን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስፈልገው ብር በዚህ መጠን ሲያድግ፣ ቀድሞ በርካሽ ምንዛሪ ገብቶ በየቤቱ የተገጠመው ዕቃም ዋጋው አብሮ እንደሚያድግ ነጋዴ ሊያስብበት ይገባል።

6ኛ. የአውሮጳ ሕግና አስመጪው

የአውሮጳ ኅብረት ቁጥሩ 2024/3110 የሆነ አዲስ የግንባታ ዕቃዎች ሕግ አውጥቷል፤ ሕጉ በጥር ወር 2025 የጸና ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ከጥር 2026 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ እንዲውል ተደንግጓል። ሕጉ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የዕቃ ዲጂታል ፓስፖርት ነው። ይህም በስልክ ሲነበብ የዕቃውን ሠሪ፣ ጠባይና የአጠቃቀም መመሪያ የሚያሳይ ምልክት ሲሆን፣ በየዕቃው ዓይነት ደረጃ በደረጃ የሚገባ ነው። ሕጉ ያገለገሉ ዕቃዎች ተመልሰው የሚሸጡበትንም ሁኔታ ይመለከታል።

ይህ ሕግ በኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ነገር ግን ከአውሮጳ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ምልክቱ ያለበት ዕቃ ሲደርሰው፣ ምልክቱን ከካርቶኑ ጋር ከመጣል ይልቅ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከፋክቱሩ ጋር ሊያስቀምጠው፣ ለገዢውም ሊያስረክበው ይገባል። እብነ በረድን የመሰለ የሕንፃ ድንጋይ ወደ አውሮጳ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴም፣ ድንጋዩ ከየት እንደ ተቆፈረና ምን ጠባይ እንዳለው በጽሑፍ ለማስረዳት ከወዲሁ ቢዘጋጅ፣ ገዢው ማስረጃ በጠየቀው ቀን አይደነግጥም።

7ኛ. ሊጠነቀቁበት የሚገባ

ሁሉም አሮጌ ዕቃ ይመለስ ማለት ስሕተት ነው። ከፈረሰ አርማታ የወጣ፣ ጎብጦ የተቃና ፌሮ ለአጥርና ለቀላል ሥራ ይውላል እንጂ ሳይመረመር በዓምድና በወለል ውስጥ ሊገባ አይገባውም። ማንነቱ ያልታወቀ ፌሮ የሸጠ ሰው ያተረፈው ገንዘብ፣ በዚያ ወለል ሥር በሚተኙ ሰዎች ሕይወት የተወራረደ ነው። እንደዚሁም በአሮጌ ሕንፃ ጣራ ላይ የሚገኝ አስቤስቶስ ያለበት ክዳን ሲሰበር ብናኙ ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ በአውሮጳ ኅብረት ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ በገበያ ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። እንዲህ ያለው ዕቃ ዐዋቂ ሳይጠየቅ መነሣት የለበትም፤ ከቶም አይሸጥም። ከዑደቱ የሚወጣውን ለይቶ ማወቅም የመዝገቡ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መዝገቡን ራሱን ይመለከታል። ሐሰተኛ መዝገብ መዝገብ ካለመኖሩ ይከፋል፤ መዝገብ ሲጠፋ ገዢው ይጠነቀቃል፤ ሐሰተኛ መዝገብ ሲያይ ግን ያምናል። እንዲሁም በስልክ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ዝርዝር ስልኩ የተሰረቀ ቀን ይጠፋል። ሕንፃ 50 ዓመት ሲቆም፣ ስልክ ግን ከጥቂት ዓመት አያልፍም። ስለዚህ ዝርዝሩ በሁለት ስፍራ ሊቀመጥና አንዱ ቅጂ በወረቀት ታትሞ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ አቃፊ ሊኖር ይገባል።

ለማጠቃለል ያህል፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ዕቃውን ሽጦ ደረሰኝ በቈረጠ ጊዜ ሥራው ያለቀ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ያ ዕቃ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ከግድግዳው ወጥቶ እንደገና ወደ ገበያ ይመጣል፤ ምናልባትም የሚገዛው የዚያው ነጋዴ ልጅ ይሆናል። በዚያን ቀን ዕቃው ስም ያለው ሸቀጥ ወይም ስም የሌለው ውዳቂ እንዲሆን የሚያደርገው፣ ዛሬ በደረሰኙ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ጥቂት መስመር ነው። አባቶች ምስማርን አቃንተው ያስቀምጡ የነበረው ገንዘብ ስለ ቸገራቸው ብቻ አልነበረም፤ ነገ የሚሠራ ቤት እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ለዛሬው ነጋዴም የቀረው ሥራ፣ ምስማሩን ማቃናቱን ሳይተው መታወቂያውን አብሮ መጻፍ ነው።